ቡፌው ይከፈት

ሐዋሳ ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ቡፌውን ያውቀዋል። የሳሎኑን ግማሽ ግድግዳ የያዘ፣ በሩ መስታወት የሆነ፣ ቁልፉ ከእናት መቀነት ጫፍ የማይፈታ፤ እሱ ቡፌ! ውስጡ ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ ብርጭቆዎች፣ ከአረብ አገር የተላኩ የሻይ ስኒዎች፣ አበባ የተሳለባቸው ጎድጓዳ ሳህኖች፣ መሃል ላይ ደግሞ የሠርግ ፎቶ። (አዲስ አበባም ደሴም ድሬዳዋም ያው ነው፤ እኛ ግን የምናውቀውን የራሳችንን ሰፈር እናውራ።) እኛ ያደግነው ከዚህ መስታወት ወዲህ ነው። ውሃውን በፕላስቲክ ኩባያ፣ ሻዩን ጆሮው በተሰበረ ስኒ፣ ብርጭቆዎቹን ደግሞ በዓይናችን እየጠጣን።

«ለእንግዳ ነው፤ እንዳትነኩ!» እንባላለን። እሺ፣ እንግዳ ማነው? ጎረቤት ስትመጣ «እሷማ የቤት ሰው ናት» ተብሎ ቡፌው አይከፈትም። ዘመድ ከገጠር ሲመጣ «እነሱ ዕቃ አያዩም» ተብሎ አይከፈትም። የሚከፈተው ለአማች፣ ለሽማግሌ፣ ከውጭ ለመጣ ሰው ነው። እሱም ገና ከአጥር ሳይወጣ ብርጭቆዎቹ ተቆጥረው፣ ታጥበው፣ በነጭ ጨርቅ ተወልውለው ወደ እስር ቤታቸው ይመለሳሉ።

የበዓል ገበታም ከቡፌው ጋር ዝምድና አለው። ለበዓል ቤቱ ዳንቴል ይለብሳል። ሶፋው ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ጠረጴዛው ዳንቴል። ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ከላዩ የሚያሳይ ላስቲክ ይነጠፍበታል። ላስቲኩ ላይ በሳሙና የታጠበ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ይቆማል። ጉድ በሉ! ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ስትመጡ ባቱ (ዝዋይ) ላይ መንገዱ የሚያልፈው እኮ በጽጌረዳ እርሻ አጠገብ ነው። እውነተኛው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ ፕላስቲኩ በመርከብ ወደ እኛ ጠረጴዛ ይመጣል። መንገድ ላይ የተላለፉ ይመስላሉ።

ይህን የምንለው በእናቶቻችን ለመሳቅ አይደለም። ያ ዳንቴል የስንት ወር ማታ የተሠራበት ነው። ያ ቡፌ የእቁብ ገንዘብ ነው። ኑሮ ባይሞላም ቤታችን የሰው ቤት ነው፣ ሰው ቢመጣ አናፍርም የሚል ነገር አለበት። እሱን እናከብራለን። ግን አንድ ነገር አለ። ጌጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «እዩኝ» ይላል፤ ሌላው «ኑ፣ ቅረቡ» ይላል። እንግዳ ደግሞ ልዩነቱን ጫማውን ሳያወልቅ ያውቀዋል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለው ለሰው ፊት ብቻ አይመስለንም፤ ገበታም ፊት አለው።

*

ሐዋሳ ላይ የበዓል እራት ማሰናዳት ሂሳብ ነው። ከተማችን በ1952 ዓ.ም. አካባቢ የተቆረቆረች ልጅ ከተማ ናት። በሲዳማ ምድር፣ በሲዳማ ሐይቅ ዳር ቆማ ከአራቱም ማዕዘን ሰው ሰበሰበች። የእኛን ግቢ ብቻ ውሰዱ። ፊት ለፊት ያሉት ባለቤቶቹ ሲዳማ ናቸው፤ ፕሮቴስታንት። ቀጥሎ ወላይታ፤ እነሱም ፕሮቴስታንት። ከዚያ ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ቤተሰብ። ጥግ ላይ ረቡዕና ዓርብ የማይሳሳታቸው፣ ከጎንደር የመጡ ኦርቶዶክስ እማማ። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሐምሌ 2008 በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ፣ አንዲት ፍራሽ ተጋርተው የሚኖሩ ሁለት የገጠር ልጆች። እኛ ሦስታችን ከሦስቱ ቤት የወጣን ነን፤ የማን ልጅ የቱ እንደሆነ ለማወቅ የሚቸገር ሰው እስኪኖር ድረስ አብረን በልተን ያደግን።

እንግዲህ ዶሮ ወጥ ሠራችሁ እንበል። አሥራ ሁለት እንቁላል፣ የሦስት ቀን ሽንኩርት፣ ሽታው መንደሩን ያዳረሰ። ሙስሊሞቹ አይበሉትም፤ ክርስቲያን ያረደው ነው። እነሱ ሲያርዱ ደግሞ ክርስቲያኖቹ አይበሉም። ቀኑ ጾም ከሆነ እማማ ድስቱ ባለፈበት ጭልፋ የተጨለፈ ሽሮ እንኳ አይነኩም። ጠላና ጠጅ ካቀረባችሁ የፕሮቴስታንቶቹ ወገን ሁሉ ወደ አምቦ ውሃ ዞሮ ያያል። አንድ ገበታ፣ አራት ሕግ!

ሰፈራችን ለዚህ መላ አጥቶ አያውቅም። እናቶቻችን ለፋሲካ ዶሮዋን ከነነፍሷ ለስልጤዋ እናት ይልኩላታል፤ በቤቷ ታሳርዳለች፣ በራሷ ድስት ትሠራለች፣ እኛ ሕፃናቱ የድስቱን ሽታ ተከትለን እንሄዳለን። ለእማማ የሚሠራው ወጥ ቅቤ የሚባል ነገር ከመከፈቱ በፊት በጠዋቱ ይሠራል፣ በራሱ ዕቃ ይከደናል፣ ጭልፋው ላይ ክር ይታሰራል። ጠጁ አጠገብ ብርዝ ይቀመጣል፤ ያው ማር ነው፣ ያልሰከረ ማር። አሳ ደግሞ አለልን። ከአሞራ ገደል የመጣ ቆሮሶ ቢላዋው የማን ነበር ተብሎ አይጠየቅም፤ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም አብሮ ይበላዋል። (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእማማና ለንስሐ አባታቸው ትተነዋል። እሱ ክርክር አያልቅም፤ አሳው ያልቃል።)

እነዚህን ነገሮች ስናይ ያደግን ልጆች ስለ ገበታ ማስጌጥ ስንሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለን አበባ አይደለም። ጭልፋው ላይ የታሰረችው ክር ናት። እማማ እሷን ክር አይተው «ተባረኩ» ብለው ሳይጠይቁ ይበላሉ። እንግዳ «ይሄ ይበላልኛል?» ብሎ መጠየቅ ሳያስፈልገው ሲቀር ገበታው አምሯል ማለት ነው። ሰው ፊት «እኔ አልበላም» ማለት ከባድ ነው፤ በተለይ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለ የሚያጎርስ አገር ላይ።

*

አሁን ወደ ፊቼ እንምጣ።

ፊቼ ጨምበላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በኅዳር 2008 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2015) ነው። ቀኑ እንደ እንቁጣጣሽ የቆመ አይደለም። አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ጨረቃና ከዋክብት አይተው ይወስናሉ፣ ለጎሳዎቹ ይታወጃል። ሐዋሳ ላይ ሕዝቡ የሚሰበሰበው ሐይቁ አጠገብ ጉዱማሌ ሜዳ ነው። ቴሌቪዥን የሚያሳያችሁ ይህንን ጉዱማሌን ነው፤ ጭፈራውን፣ ጋሻና ጦሩን። ቴሌቪዥኑ የማያሳያችሁ የዋዜማውን ማታ ነው።

በዋዜማው ማታ ቤተሰብ ይሰበሰባል። የሚቀርበው ቡርሳሜ ነው፤ ከእንሰት የሚገኘው ዋሳ በቅቤ ተለውሶ፣ ከወተት ጋር። የሚቀርብበት ዕቃ ሻፌታ ይባላል፤ ሰፊ የሸክላ ገበታ፣ ዙሪያውን ብዙ እጅ የሚገባበት። በነጋታው ጨምበላላ ሲሆን ልጆች «አይዴ ጨምበላላ!» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ የገቡበት ቤት ሁሉ ቡርሳሜ ያቀርብላቸዋል። የማን ልጅ ነህ የለም።

ልብ በሉ፣ በዚያ ማታ ገበታ ላይ ሥጋ የለም። ቢላዋ የለም፤ ማን አረደው የለም። ወተት፣ ቅቤ፣ እንሰት። ስለ አራቱ ሕግ ያወራናችሁን አስታውሱና ይህን ገበታ እዩት። ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ባንድ ሻፌታ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጾም ካልሆነ ኦርቶዶክሷም። ሐዋሳ የምትባል ቅልቅል ከተማ ትመጣለች ብሎ ያሰበ ሰው ያለ ይመስል!

የበዓሉ አመጣጥ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። በሲዳማ አፈ ታሪክ ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ሴት ነው። ሩቅ ያገባች ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ቡርሳሜ አዘጋጅታ ይዛ ትመጣ ነበር፤ እሱም ለጎረቤት ይከፋፈል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊቼ የአንድነት ምልክት ሆነ ይባላል። በደንብ አንብቡት እስቲ። የመጀመሪያውን የፊቼ ገበታ የዘረጋው ባለቤቱ አይደለም። እንግዳዋ ናት።

*

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሳናወራ ማለፍ እንችል ነበር። ስለ ገበታ ብቻ አውርተን፣ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ መልካም በዓል ብለን። ግን ሐዋሳ ሆኖ ስለ ፊቼ ገበታ የሚያወራ ሰው ሰኔ 2010ን ዘልሎ ካለፈ እየሸነገላችሁ ነው።

በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በዚያው በበዓሉ ሰሞን፣ ከተማችን ውስጥ ግጭት ተነሳ። ሲዳማና ወላይታ ተብሎ። ሰዎች ሞቱ፣ ከቤታቸው የተፈናቀሉ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያደሩ ነበሩ። በሐምሌ 2011 ደግሞ ከክልልነት ጥያቄው ጋር ተያይዞ ሐዋሳና ሌሎች የሲዳማ ከተሞች እንደገና ደም አዩ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔው ተካሄደ፤ ከመራጩ 98.5 በመቶው ሲዳማ ክልል ይሁን አለ፤ በሰኔ 2012 ሲዳማ የአገሪቱ አሥረኛ ክልል ሆነ። ለብዙ ዓመት የተጠየቀ ጥያቄ ነበር፤ ሐዋሳ በዚያ ቀን በደስታ ስትጨፍር ከመካከላችን የጨፈረም አለ።

የድምፅ መስጫውን ወረቀት ታስታውሱታላችሁ? ሁለት ምልክት ነበረው። ከደቡብ ክልል ጋር እንቆይ ለሚል ጎጆ። የራሳችን ክልል ይኑረን ለሚል... ሻፌታ።

አዎ፣ ገበታችን። ልጅ ሆነን እጃችንን የምንከትበት ሸክላ ወረቀት ላይ ታተመ፣ ፖስተር ላይ ወጣ፣ ቲሸርት ላይ ተሳለ። ለአንዱ ጎረቤታችን የዘመናት ምኞት ሆነ። ለሌላው ጎረቤታችን «እኔስ እዚህ ነኝ ወይ?» የሚያሰኝ ጥያቄ ሆነ። ሻፌታው ምንም አላደረገም፤ ሸክላ ነው። ግን ቡፌ ውስጥ የገባ ዕቃ የሚሆነውን ሆነ። በመስታወት ማዶ የሚታይ እንጂ የማይበላበት።

ግቢያችን ውስጥ የተጣላ ሰው አልነበረም። ማንም ማንንም ክፉ አልተናገረም። የሆነው ከዚያ የባሰ ነው፤ ጨዋነት መጣ። «እንዴት አደራችሁ» በዛ፣ መግባት መውጣት ቀረ። ጎን ለጎን ከነበሩት ሁለት የወላይታ ቤተሰቦች አንደኛው በ2010 ክረምት ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ሶዶ ሄደ። የሁለተኛዋ ቤት እናት ቀረች፤ ግን በዓል ሲመጣ የሚላከውን ሳህን በር ላይ ተቀብላ፣ አመስግና፣ አጥባ ትመልስ ጀመር። ባዶውን። በእኛ ሰፈር የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም ነበር።

*

እንግዲህ ከእነዚያ ዓመታት በኋላ በአንዱ የፊቼ ዋዜማ ግቢውን በሙሉ ለእራት እንጥራ አልን። ሐሳቡ የእኛ፣ ቤቱ የሲዳማዋ አያት፣ ወጪው መዋጮ። ምግቡ አላጣላንም። ያጣላን ገበታው ነው።

አንዳችን «ሻፌታ የሌለበት ፊቼ ምኑን ፊቼ ነው? እንዲያውም ሁለት ሻፌታ መሃል ላይ» አለ። ሌላኛችን «እሷ ሴትዮ ለመጨረሻ ጊዜ ሻፌታ ያየችው ፖስተር ላይ ነው፤ ገና ስትገባ ፊቷ ላይ የምርጫ ምልክት ልንደቅንባት ነው?» አለች። ሦስተኛችን የስብሰባ ከተማ ልጅ መሆኑን የሚያስመሰክር መላ አመጣ። «ቡፌ እናድርገው። እንደ ሆቴል። ነጭ ሳህን፣ ነጭ ጨርቅ፣ ሁሉም ለራሱ አንስቶ ወንበሩ ላይ ይብላ።»

ተመልከቱ እንግዲህ፤ ከአንዱ ቡፌ ወደ ሌላው ቡፌ! ለነገሩ የሆቴሉ ቡፌ ብልህ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ሁሉም የሚበላውን ራሱ ያውቃል። ግን ማንም ማንንም አያጎርስም። ማንም የማንን ፊት ሳያይ ጠግቦ ይሄዳል። ለዓመታት የኖርነው እንደዚያ አይደል? እያንዳንዱ በየሳህኑ። እራት የጠራነው ከእሱ ለመውጣት ነው።

ክርክሩ ስላላለቀ አያት ዘንድ ሄድን። ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም አስረዳናቸው፤ ምልክት፣ ስሜት፣ ምርጫ፣ ምናምን። አያት እንሰታቸውን እየቆረጡ ሰሙንና «የወረቀቱን አላውቅም። እኔ የማውቀው የሚታጠበውን ነው» አሉ። ቀጥለውም ጠየቁን። «ለመሆኑ ጠርታችኋታል ወይስ ገና እየተመካከራችሁ ነው?»

ሄደን ጠራናት። «እንመጣለን» አለች። እንመጣለን ሐዋሳ ላይ ሁለት ትርጉም እንዳለው ታውቃላችሁ።

ሳሎኑን ማሰናዳት ጀመርን። ላስቲኩ ተነሳ፤ የፕላስቲክ ጽጌረዳው በክብር ወደ ጓዳ ተሸኘ። ትልቁን ጠረጴዛ አውጥተን ሁለት ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎች ገጠምን፤ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ከጎረቤቱ ጉልበት እንዲነካካ። ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጠን እሳት ላይ ለብለብ አደረግነው (ካልተለበለበ ይተረተራል፤ ድፎ የጋገረች ሁሉ ታውቀዋለች) እና በጨርቅ ፋንታ አነጠፍነው። አረንጓዴው ሲያበራ ዳንቴሉ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ቄጠማው ከበሩ ውጭ ጀምሮ ተጎዘጎዘ፤ አቀባበል ከደጅ ይጀምራልና። ሻፌታዎቹን ከማቅረባችን በፊት አሞቅናቸው፤ ቀዝቃዛ ሸክላ ላይ ቅቤው ይረጋል። ቀኑ ጾም ነበር። ለእማማ ያለ ቅቤ የተሠራ ዋሳ ከጎመን ጋር በትንሽ ሸክላ ለብቻው ቀረበ፤ ክሯም ታሰረች። እራቱን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አደረግነው።

በመጨረሻም አያት ከመቀነታቸው ቁልፉን ፈትተው ሰጡን። ጠርዛቸው ወርቅ የሆኑት ብርጭቆዎች ወጡ። ወተትና ብርዝ ተቀዳባቸው። ከሰርቪስ ቤት የመጡት ሁለቱ ልጆች በር ላይ ቆመው ነበር፤ ብርጭቆው ሲሰጣቸው በሁለት እጃቸው ያዙት። አንደኛዋ «በዓል ስንውል ይሄ የመጀመሪያችን ነው፤ ከቤት ከወጣን» አለች።

ሰው ገባ። የስልጤው አባት ገቡ፣ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። የእጅ ውሃ በዕድሜ ተራ ዞረ። አያት ሊመርቁ ሲነሱ እሷ አልመጣችም ነበር። አያትም ምርቃቱን አስረዘሙት። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ እንደገና ስለ ከብቱ... የምንስቀውን ሳቅ በግድ ይዘን ቆየን።

ከዚያ መጣች። ከልጇ ጋር። እጇ ላይ በክዳን የተሸፈነ ሳህን አለ፤ የእኛ ሳህን ነው፣ ያለፈው በዓል የላክንላት። «የዘገየሁት ይሄን ስፈጭ ነው» አለች። ዳጣ ነበር፤ እሷ ብቻ የምትሠራው፣ ዓይን የሚያስነባው የወላይታ ዳጣ። ገበታው አጠገብ ቆማ ግራ ቀኝ አየች፣ አንዱን ብርጭቆ ወደ ጥግ ገፋ አደረገች፣ ዳጣውን በሁለቱ ሻፌታዎች መሃል አስቀመጠች። ምልክቱን አየችው አላየችው አናውቅም። አልጠየቅናትም። አያት ከሻፌታው አንስተው መጀመሪያ ያጎረሱት እሷን ነው፤ እሷም ተቀብላ «ጨው አንሶታል» አለች። ያኔ ነው ቤቱ የሳቀው። ወላይታም እንሰት ያውቃል፤ የምትናገረውን ታውቃለች።

ሁሉም አልመጣም። ሶዶ ለሄዱት ደውለንላቸው ነበር። «እናያለን» ብለው ነበር። ለእነሱ ያስቀመጥነው በርጩማ ባዶውን አደረ፤ ማንም አላነሳውም፣ ማንም ስለሱ አላወራም። አንድ እራት የሄደ ሰው አይመልስም፤ የሞተም አያስነሳም። ይህን ደብቀን «ፍቅር አሸነፈ» ብለን ብንጨርስ ደስ ይል ነበር፤ ግን ሰፈሩ ይታዘበናል።

*

ታዲያ በዓል ሲመጣ «ገበታ እንዴት ላሳምር?» የምትሉ ካላችሁ (በተለይ አዲስ ጎጆ የወጣችሁ) እኛ ግቢ ሲሠራ ያየነው ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣውን ሰው ቁጠሩ፣ ከዚያ ዕቃውን። ማን ይጾማል፣ ማን የማንን ሥጋ አይበላም፣ ማን አይጠጣም። ሳይጠየቅ መልሱ ገበታው ላይ ይኑር። አንዲት ክር የታሰረባት ጭልፋ ከስንት ሻማ ትበልጣለች።

ጌጡ ከቅርብ ይሁን። ጓሮ ያለ ቅጠል፣ ከሐይቁ ዳር የመጣ ቄጠማ፣ በመስከረም ከሆነ አደይ። የሚደርቅ ነገር ደስ ይላል፤ ለዛሬ፣ ለእናንተ ተብሎ የመጣ መሆኑ ይታወቃላ። ፕላስቲኩ ለማንም አልመጣም፤ ድሮም እዚያው ነበር።

ገበታውን ዝቅ አድርጉት፣ አጥብቡት። ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ለመጉረስ ክንድ አይደርስም።

ደግሞም ቡፌውን ክፈቱት። በዚያ ማታ አንዱ ብርጭቆ ተሰበረ፤ የሰበረችውም ከሰርቪስ ቤቷ ልጆች አንዷ ናት፤ ደንግጣ ልትሞት ነበር። አያት «እሰይ! ሃያ ዓመት ሙሉ ተዘግቶ አንድም ሰው ሳይጠጣበት ከሚያረጅ ይሰበር» ብለው በሌላኛው ብርዝ ቀዱላት። አሁን አምስት ናቸው፤ እኛም እንጠጣባቸዋለን።

የመጨረሻው፣ ለእኛ ትልቁ ነገር፣ ገበታውን አትሙሉት። መሃል ላይ ባዶ ቦታ ተዉ። ከዳር እስከ ዳር የተሞላ ገበታ ለእንግዳው «አንተ በላተኛ ነህ» ይለዋል፤ ክፍት ቦታ ያለው ደግሞ «አንተም ታመጣለህ» ይለዋል። ሩቅ ያገባችው ያቺ ሴት ቡርሳሜዋን ይዛ ስትመጣ ወላጆቿ ቤት የምታስቀምጥበት ቦታ ባይኖር ኖሮ ፊቼ የሚባል በዓል አይኖርም ነበር።

ሳህኑ ከዚያ ወዲህ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። በመስከረም ደግሞ ጊፋታ ነው፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ። ተጠርተናል፤ ግቢው በሙሉ። ሶዶ ያሉትም ለጊፋታ እንደሚመጡ ነግራናለች፤ «እናያለን» ሳይሆን «እንመጣለን» ብለዋታል። የትኛው እንመጣለን እንደሆነ በመስከረም እናየዋለን። አያት ከወዲሁ ቅቤ እያጠራቀሙ ነው።